«ጊዜያዊ» የተባለ ሥልጣን ስንት ዓመት ይቆያል?

በርሊን፣ ከጀርመን ምክር ቤት ሕንጻ ፊት ለፊት፣ በረድፍ የቆሙ 96 የብረት ሰሌዳዎች አሉ። በየጠርዛቸው ላይ የአንድ የምክር ቤት አባል ስም፣ ፓርቲውና የሞተበት ቦታ ተቀርጿል። ናዚዎች የገደሏቸው የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው። አዲስ አበባ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ደግሞ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከአገር ቤት ወጥቶ እዚህ የሚኖር ሰው ሁለቱን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጭካኔው ነው። እኔ ግን ማንሣት የምፈልገው ከጭካኔው በፊት ስለተጻፉት ወረቀቶች ነው፤ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ቃል አለና።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1933 የወጣው የጀርመን ድንጋጌ የዜጎችን መብት የሚያግደው «እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ» ይል ነበር። ሌላው ትእዛዝ 12 ዓመት ሙሉ አልመጣም፤ ድንጋጌው የወደቀው ከአገዛዙ ጋር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ያወረደው አካል ራሱን የሰየመው «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብሎ ነው። ጊዜያዊነቱ እስከ 1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘለቀ፤ 13 ዓመት ማለት ነው። (የውጭውን ዘመን በአውሮፓ፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ቶሎ የሚመጣ መልስ አለ፦ «እነሱ ዴሞክራሲን የለመዱ ናቸው፤ እኛ ገና ነን።» ይህን መልስ አልቀበልም። በ1933 የነበሩት ጀርመኖች ከ1919 ጀምሮ ወንዱም ሴቱም የሚመርጥበት ሥርዓት፣ በዓለም የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አባል ያላቸው የሠራተኛ ማኅበራት ነበሯቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ «እስቲ ጊዜ እንስጠው» አለ። እኛም በ1967 ያልነው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የቤቱ ማገር የት ላይ እንደሚላላ በማወቅና ባለማወቅ። ስለዚህ ማገሮቹን አንድ በአንድ ማየት ይሻላል።

አዶልፍ ሂትለር ሥልጣን የያዘው የሕዝብ አብላጫ ድምፅ አግኝቶ አይደለም። ፓርቲው በ1928 ምርጫ 2.6 በመቶ፣ በ1930 18.3 በመቶ፣ በጁላይ 1932 37.3 በመቶ አገኘ፤ በኖቬምበር 1932 ደግሞ ወደ 33.1 በመቶ ወረደ። ማለትም ሲሾም ድምፁ እየቀነሰ ነበር። ያሾሙት ከላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የ85 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግና በዙሪያው የነበሩ ወግ አጥባቂዎች፣ በተለይ ፍራንዝ ፎን ፓፐን፣ ሂትለርን በካቢኔ ውስጥ ከበው ሊይዙት አሰቡ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 በተመሠረተው ካቢኔ ውስጥ ከሂትለር ሌላ ናዚዎች የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ወግ አጥባቂዎቹ ወንበር ቆጠሩ፤ ናዚዎቹ ግን የወንበሩን ዓይነት ነበር የመረጡት። ፍሪክ የአገር ውስጥ ሚኒስቴርን፣ ጎሪንግ ደግሞ የፕሩሲያን የአገር ውስጥ ጉዳይ ያዙ። የጀርመን ሦስት አምስተኛ ሕዝብ የሚኖረው ፕሩሲያ ውስጥ ነበር። ጎሪንግ እጅ የገባው የዚያ ሁሉ ሕዝብ ፖሊስ ነው።

ለመሆኑ የፕሩሲያ ፖሊስ እንዴት ለአንድ የማዕከል ሹም ክፍት ሆነ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ያለው። ከሂትለር ስድስት ወር በፊት፣ ጁላይ 20 ቀን 1932፣ ያኔ መራሔ መንግሥት የነበረው ፓፐን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የፕሩሲያን የተመረጠ መንግሥት አባርሮ አስተዳደሩን ለራሱ ወስዶ ነበር። አንቀጽ 48 ፕሬዚዳንቱ ጸጥታ ሲደፈርስ ያለ ምክር ቤት በድንጋጌ እንዲያስተዳድር የሚፈቅድ ነው። የተባረሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ሠራተኛውን አደባባይ አልጠሩም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርዱ በኦክቶበር ወጣ፤ ለሁለቱም በግማሽ የፈረደ፣ ማንንም ወደ ቢሮው ያልመለሰ ፍርድ ነበር። በሩ በወግ አጥባቂዎች እጅ ተከፈተ፤ የገባው ግን ሌላ ሰው ነው።

አንቀጽ 48 ራሱም ቀስ በቀስ ልማድ ሆኗል። በ1931 ምክር ቤቱ ያወጣቸው ሕጎች 34 ሲሆኑ በድንጋጌ የወጡት ከ40 በላይ ነበሩ። በ1932 ምክር ቤቱ 5 ሕግ ብቻ አወጣ፤ ድንጋጌዎቹ ከ55 አለፉ። ሂትለር ሲመጣ ሕዝቡ ያለ ምክር ቤት መተዳደርን ለምዶታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከሹመቱ እስከ ሙሉ ሥልጣን የፈጀው 52 ቀን ነው። ፌብሩዋሪ 17 ጎሪንግ ፖሊስ በ«መንግሥት ጠላቶች» ላይ ያለ ማመንታት እንዲተኩስ አዘዘ። ፌብሩዋሪ 22 ወደ 50,000 የሚጠጉ የፓርቲ ሚሊሻዎችና አጋሮቻቸው ክንዳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረው ረዳት ፖሊስ ሆኑ። ትናንት መንገድ ላይ የሚደበድበው ሰው በማግሥቱ አሳሪ ሆነ ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 27 ማታ የምክር ቤቱ ሕንጻ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ ድንጋጌው ወጣ። ድንጋጌው ሰባት የሕገ መንግሥት አንቀጾችን ነው ያገደው፦ የግል ነፃነት፣ የመኖሪያ ቤት አለመደፈር፣ የደብዳቤና የስልክ ምስጢር፣ የመናገርና የመጻፍ ነፃነት፣ መሰብሰብ፣ መደራጀት፣ ንብረት። ሁለተኛው አንቀጹ ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት የክልሎችን ሥልጣን እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። በዚህ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ማርች 5 በተደረገው ምርጫ እንኳ ናዚዎች ያገኙት 43.9 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ደጋግሜ የማነሣው «ሕዝቡ መርጦት ነው» የሚለው ንግግር እዚህም አገር ቤትም ስለሚሰማ ነው።

ማርች 23 ቀን የሆነው ነገር ጠጋ ብሎ መታየት አለበት፤ አምባገነንነት በስሌት ሲሠራ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ሕንጻው ስለተቃጠለ ምክር ቤቱ የተሰበሰበው ክሮል በሚባል የኦፔራ ቤት ነው። ለድምፅ የቀረበው ረቂቅ አምስት አንቀጽ ብቻ ያለው ነበር። መንግሥት ያለ ምክር ቤት ሕግ ማውጣት ይችላል፤ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ሊለይ ይችላል፤ ሕጉን መራሔ መንግሥቱ አዘጋጅቶ ያወጣል፤ የውጭ ውልም እንዲሁ። አምስተኛው አንቀጽ ማብቂያውን ኤፕሪል 1 ቀን 1937 ይላል። ይህ ደግሞ አራት ዓመት የሚቆይ «ጊዜያዊ» መሆኑ ነው።

ሕገ መንግሥቱን የሚነካ ስለሆነ ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር። ከ647 አባላት ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 432 ሰው፣ መገኘት አለበት፤ ከተገኙት ደግሞ ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለበት። ኮሚኒስቶቹ 81፣ ሶሻል ዴሞክራቶቹ 120 ነበሩ፤ አንድ ላይ 201። 15 ሰው ጨምረው ቢቀሩ ምልዓተ ጉባኤው አይሟላም፤ ድምፅም አይሰጥም። መንግሥት ይህን ቀድሞ አሰላ። 81ዱን ኮሚኒስቶች በእሳቱ ድንጋጌ አሳደደ፣ አሰረ፤ ወንበራቸውንም እንደሌለ ቆጠረ። ከዚያ የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ አስለወጠ፦ ያለ ፈቃድ የቀረ አባል እንደተገኘ ይቆጠራል። ፈቃዱን የሚሰጠው አፈ ጉባኤው ነው፤ አፈ ጉባኤው ደግሞ ጎሪንግ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት እስር ቤት ያለ ተመራጭ አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጠ ሊቆጠር ቻለ። ሕገ መንግሥቱ አንድ ፊደል አልተነካም፤ የተነካው ማንም የማያነበው የአሠራር ደንብ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ቀረ። ድምፅ የሰጡት 538 ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛው 359 ይሆናል። ናዚዎችና አጋሮቻቸው 340 ነበሩ። የጎደለው 19 ድምፅ ነው። የካቶሊኮቹ የማዕከል ፓርቲ ከ70 በላይ ድምፅ ነበረው። መሪው ሉድቪግ ካስ ከሂትለር ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ትምህርት ቤቶች የቃል ተስፋ ተቀበለ፤ በጽሑፍ እንደሚሰጠውም ተነገረው። ደብዳቤው አልመጣም፤ ፓርቲው ግን «እደግፋለሁ» አለ። በየመተላለፊያው ሚሊሻ ቆሞ እየፎከረ የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኦቶ ቬልስ ተነሥቶ «ነፃነታችንንና ሕይወታችንን ልትወስዱብን ትችላላችሁ፤ ክብራችንን ግን አትችሉም» አለ። ውጤቱ 444 ለ94 ሆነ። 94ቱ በሙሉ የእሱ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ሕጉ በ1937፣ በ1939፣ በኋላም በ1943 ታደሰ፤ የመጨረሻውን ጊዜ ሂትለር ራሱ በትእዛዝ አደሰው።

የቀረው በፍጥነት ሄደ። ኤፕሪል 7 «የመንግሥት ሠራተኛውን ሙያ የሚያድስ» የተባለ ሕግ ወጥቶ አይሁድ ሠራተኞችና በፖለቲካ የማይታመኑ ሁሉ ከየቢሮው ተባረሩ፤ ዳኞችም ጭምር። ሜይ 2 የሠራተኛ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች ተወረሩ፤ ይህ የሆነው መንግሥት ሜይ 1ን የሠራተኛ በዓል ብሎ በታላቅ ሰልፍ ባከበረ ማግሥት ነው። ጁላይ 14 ከአንድ ፓርቲ በቀር ሌላ ማቋቋም ወንጀል ሆነ። የድጋፍ ድምፁን የሰጠው የካቶሊኮቹ ፓርቲ ከዚያ ከቀናት በፊት ራሱን አፍርሷል። ከጁን 30 ቀን 1934 ጀምሮ ደግሞ ሂትለር የራሱን ሚሊሻ አዛዦችና የድሮ ባላንጣዎቹን አስገደለ፤ የቀድሞውን መራሔ መንግሥት ሽላይኸርን ከነሚስቱ ጨምሮ። ጁላይ 3 አንድ አንቀጽ ብቻ ያለው ሕግ ወጣ፦ የተደረገው ሁሉ ሕጋዊ ነው። ኦገስት 2 ሂንደንቡርግ ሲሞት የፕሬዚዳንቱና የመራሔ መንግሥቱ ሥልጣኖች ተዋሐዱ፤ በዚያው ቀን ወታደሩ ለአገር ወይም ለሕገ መንግሥት ሳይሆን ለሰውየው በስሙ ማለ።

አሁን የእኛን ከጎኑ እናስቀምጠው። በ1966 አገራችን ዴሞክራሲ አልነበረችም፤ ግን የተከፈተ ነገር ነበር። ከየካቲቱ እንቅስቃሴ በኋላ ጋዜጦች ከቀድሞው በተለየ ይጽፉ ነበር፣ ሠራተኛውም መምህሩም ይሰለፍ ነበር፣ አዲስ ሕገ መንግሥት እየተረቀቀ ነበር። ሰኔ 21 ቀን 1966 ከመቶ በላይ ወታደሮች አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። መንግሥትን በአንድ ሌሊት አልገለበጡም። ለንጉሡ ታማኝነታቸውን እየገለጹ ባለሥልጣኖችን አንድ በአንድ አሰሩ፤ በየጊዜው አንድ ማገር ነቀሉ። መፈክሩ «ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» ነበር። መስከረም 2 ንጉሡ ሲወርዱ ምክር ቤቱ ተበተነ፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ታገደ፣ ሥራ ማቆምና ሰልፍ ተከለከለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስልሳ ገደማ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ምሽት ቤታቸው ውስጥ ሞቱ።

ደርጉም እንደ ናዚዎቹ ከውስጥ ራሱን በልቷል፤ የአሠራር ደንብም የሚሠራው ሥራ ነበረው። በታኅሣሥ 1969 የደርጉ መዋቅር ተለውጦ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣን ተቀነሰ፤ ለውጡ በስብሰባ፣ በድምፅ፣ በወረቀት የተደረገ ነው። ጥር 26 ሊቀ መንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ መንግሥቱ ሊቀ መንበር ሆኑ። ለውጡን ያወጡት ሰዎች የድምፁን ብዛት ይዘው ነበር፤ የጥበቃው ጦር ግን በእጃቸው አልነበረም። በ1932 ፕሩሲያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ፖሊሱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በጊዜ አልተጠየቀም። ከዚያ ለቤትና ለመሬት አስተዳደር የተቋቋሙት ቀበሌዎች መሣሪያ ታጠቁ፣ እስር ቤትም ከፈቱ። ክንዱ ላይ ጨርቅ ካሰረው የጀርመን ረዳት ፖሊስ ጋር አንድ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲያስር ፈቃድ ሰጠው።

የዛሬ አምባገነኖች ሕንጻ እስኪቃጠል አይጠብቁም። ሀንጋሪ ውስጥ የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ በ2010 52.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ያዘ፤ የምርጫ ሕጉ ቀድሞም እንዲህ ያበዛ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ዳኞች ከ11 ወደ 15 አሳደገ። የመደበኛ ዳኞችን ጡረታ ከ70 ወደ 62 ዓመት አወረደ፤ ይህን የመሰለ ቴክኒካዊ የሚመስል ቁጥር በአንዴ ብዙ ከፍተኛ ዳኞችን ያስወጣል፣ አንድም ዳኛ ግን «ተባረረ» አይባልም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ ቦታዎቹ በአብዛኛው ተይዘው ነበር። በ2014 ድምፁ ወደ 45 በመቶ ወርዶ ሳለ ከ199ኙ ወንበር 133ቱን አገኘ። ሁለት ሦስተኛ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የበለጠ እኛን የሚመለከተን ግን የቱኒዚያ ነገር ይመስለኛል። የ2014 ሕገ መንግሥቷ ጥሩ የተጻፈ ነበር። አንቀጽ 80 ፕሬዚዳንቱ በአደጋ ጊዜ ልዩ እርምጃ መውሰድ እንደሚችል፣ ምክር ቤቱ ግን ያለማቋረጥ ተሰብስቦ እንደሚቆይ፣ ከ30 ቀን በኋላ ሁኔታው መቀጠል አለመቀጠሉን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እንደሚወስን ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ግን አልነበረም። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲቋቋም ታዝዞ ነበር። ከ12ቱ ዳኞች አራቱን ምክር ቤቱ በ145 ድምፅ መምረጥ ነበረበት፤ ፓርቲዎቹ «የእኔ ሰው፣ ያንተ ሰው» እየተባባሉ በስድስት ዓመት ውስጥ የመረጡት አንድ ዳኛ ብቻ ነው። በ2021 የድምፁን መጠን ዝቅ አድርገው ሊያቋቁሙት ሲሞክሩ ፕሬዚዳንት ካይስ ሰዒድ «ቀነ ገደቡ አልፏል» ብለው አልፈርምም አሉ። በጁላይ 25 ቀን 2021 አንቀጽ 80ን ጠቅሰው ምክር ቤቱን ለ30 ቀን አገዱ። ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ፤ በፓርቲዎቹ ንትርክ ተማርሮ ነበርና አልፈርድበትም። በ30ኛው ቀን «እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ» ተባለ። ቃሉ ከ1933ቱ አልተለየም። በሚቀጥለው ዓመት የዳኞች ጉባኤው ፈረሰ፣ ምክር ቤቱ ፈረሰ፣ 57 ዳኞች ተባረሩ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት 30 በመቶ ገደማ መራጭ በወጣበት ሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። የተቋሙ ወንበር ባዶ ሆኖ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ አጣዳፊ መስሎ የታየው ሰው አልነበረም።

ስለ ተቃዋሚዎች ስሕተትም መናገር ግድ ነው፤ ይህን ስናገር ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። የጀርመን ኮሚኒስቶች ሶሻል ዴሞክራቶቹን «ሶሻል ፋሺስት» እያሉ ከናዚ እኩል ይታገሏቸው ነበር። በቬኔዝዌላ በ2005 ተቃዋሚዎች ከምክር ቤት ምርጫ ራሳቸውን አገለሉ፤ 167ቱም ወንበር በሁጎ ቻቬዝ ወገን እጅ ገባ፤ አምስት ዓመት ሙሉ የፈለጉትን ሕግ አወጡ። ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ተቃዋሚ የአሠራር ደንብ ሲለወጥ እንኳ መዝገብ ላይ «ተቃውሜያለሁ» ማለት አይችልም። አገር ቤት በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት «ፓርላማ እንግባ አንግባ» በሚለው ክርክር የተዳከመውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ጊዜ ግን ብዙ ሰው ያላስተዋለው ሌላ ነገር ሆኗል። ተሰናባቹ ምክር ቤት አዲሶቹ ከመግባታቸው በፊት የአሠራር ደንቡን ለወጠ፦ ቀድሞ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ የነበረው ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲያስፈልግ ተደረገ። ተቃዋሚ በምንም ያህል ቁጥር ቢገባ፣ አብላጫ ከሌለው አንድ አጀንዳ ማንሣት አይችልም ማለት ነው። አደባባዩ ሁሉ ስለ ድምፅ ቆጠራ ሲጮህ ማገሩ በደንቡ በኩል ተነቀለ።

ይህ ነገር የሚቆምበት ጊዜም አለ። ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ማታ የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ ዮል ወታደራዊ አዋጅ አወጁ፤ የምክር ቤቱንና የፓርቲዎችን እንቅስቃሴ ሁሉ ከለከሉ። የኮሪያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 ግን የምክር ቤቱ አብላጫ አዋጁ እንዲነሣ ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ማንሣት አለበት ይላል። አብላጫው ከ300ው 151 ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፦ 151 ሰው አዳራሹ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ፖሊስ በሩን ዘጋ። የምክር ቤት አባላት በአጥር ዘለሉ፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አፈ ጉባኤ ዉ ዎን ሺክ ጭምር። ረዳቶቻቸው በየኮሪደሩ ወንበርና ጠረጴዛ ከምረው፣ በእሳት ማጥፊያ እየረጩ ወታደሩን አዘገዩ። ውስጥ የነበሩት «ቶሎ ድምፅ እንስጥ» ሲሉ አፈ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳቡ በሥርዓቱ እስኪመዘገብ አስጠበቁ፤ በኋላ በአሠራር ስሕተት እንዳይሰረዝ። ከአዋጁ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ 190 ሰው ተገኝቶ 190ውም «ይነሣ» አለ፤ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ 18 ሰዎች ነበሩበት። ሳይነጋ አዋጁ ተነሣ፤ ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በስምንት ዳኞች ሙሉ ድምፅ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን አወረደ። ቱኒዝ ላይ ግን ምክር ቤቱ በታገደባት ሌሊት አፈ ጉባኤው ራሺድ ገኑሺ በሩ ላይ ሲደርሱ ወታደር መለሳቸው፤ የምክር ቤቱም ስብሰባ አልተደረገም። በሁለቱም ቦታ ሕገ መንግሥት ነበር። ሴኡል ላይ በሕጉ መሠረት ድምፅ የሚሰጥበት አዳራሽ ውስጥ ሰው ደረሰ።

ሌላው ጥበብ ከጉዳቱ በኋላ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ሕንድ በ1975 ጁን ላይ ኢንዲራ ጋንዲ አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጁ ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት ማታ ነው፤ ካቢኔው የሰማው በማግሥቱ ጠዋት ነው። 21 ወር ቆየ። ጋንዲ ምርጫ ጠርተው ከተሸነፉ በኋላ በ1978 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፦ ካቢኔው በጽሑፍ ካልወሰነ ፕሬዚዳንቱ ማወጅ አይችልም፣ «የውስጥ ሁከት» የሚለው ልል ቃል «የትጥቅ አመፅ» ሆነ፣ ምክር ቤቱም በየስድስት ወሩ ማደስ አለበት። ጀርመኖችም ከ1949 ጀምሮ ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። መራሔ መንግሥቱን ማውረድ የሚፈልግ ምክር ቤት በዚያው ድምፅ ተኪውን መምረጥ አለበት፤ ባዶ ወንበር ለፕሬዚዳንት እጅ እንዳይተው ነው፤ እስካሁን በዚህ መንገድ የወረደው በ1982 ሄልሙት ሽሚት ብቻ ነው። በጦርነት ጊዜ እንኳ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሥራ መነካት አይችልም። በዲሴምበር 2024 ደግሞ፣ የሀንጋሪንና የፖላንድን አይተው፣ የፍርድ ቤቱን 16 ዳኞች፣ የ12 ዓመት ዘመናቸውንና የ68 ዓመት ጡረታቸውን ከተራ ሕግ አውጥተው ሕገ መንግሥት ውስጥ ጻፉት፤ በምክር ቤቱ ድምፁ 600 ለ69 ነበር። ቤቱ ሳይቃጠል የተሠራ ሥራ ስለሆነ ያስቀናኛል።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93ም ባዶ አይደለም፤ ብዙ ሰው አያነበውም እንጂ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያውጅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ በእረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል። የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው፤ በየአራት ወሩ በተደጋጋሚ ሊታደስ ይችላል። ድክመቱ እዚያ ላይ ነው። «በተደጋጋሚ» ስንት ጊዜ እንደሆነ አይናገርም። የመጨረሻውን ትርጉም የሚሰጠውም ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ፖለቲከኞች የሚቀመጡበት ቤት። የ2009ኙም የ2015ቱም አዋጆች አንድ አንድ ጊዜ ታድሰው እያንዳንዳቸው አሥር ወር ቆይተዋል።

ግን በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 5 እና 6 ላይ አንድ መሣሪያ አለ፤ የጀርመኑ አንቀጽ 48 ያልነበረው። አዋጁ ሲጸድቅ ከምክር ቤቱ አባላትና ከሕግ ባለሙያዎች የተውጣጣ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። የመጀመሪያ ሥራው በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ሁሉ ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ነው። ብዛታቸውን መናገር አይበቃም፤ ስም ከነምክንያቱ ነው የታዘዘው። አዋጅ በታወጀ በሠላሳኛው ቀን ዝርዝሩ ወጥቷል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ፓርቲ አያስፈልግም፤ ደጋፊም ተቃዋሚም፣ እዚህ ያለውም እዚያ ያለውም ይችላል። ጠያቂ ቢበዛ ሰባቱ ሰዎች ለሚጽፉት ወረቀት ቀን ይኖረዋል።